መድኃኒት መምረጥን ማስተማር

የሕክምና ተማሪዎችን ስለምናስተምርበት መንገድ ሐኪም ላልሆነ ሰው ጭምር እንድናገር በመጋበዜ ደስ ብሎኛል። እኛ መምህራን ስለዚህ ጉዳይ የምንነጋገረው ብዙ ጊዜ እርስ በርሳችን ነው፤ ትምህርታችን መስመር መያዙንና መሳቱን ቀድሞ የሚያውቀው ግን ማዘዣውን ይዞ ወደ መድኃኒት ቤት የሚሄደው ሰው ነው።

የዛሬው ዓላማዬ አንድ ነገር ማስረዳት ነው። ፋርማኮሎጂ መድኃኒት በሰውነት ላይ የሚያደርገውን፣ ሰውነትም መድኃኒቱን የሚያደርገውን የሚያጠና ትምህርት ነው። በየትምህርት ቤቱ ሲሰጥ የኖረው በአብዛኛው ከመድኃኒቱ ተነሥቶ ወደ በሽተኛው እየሄደ ነው። መንገዱ ተገልብጦ ከበሽተኛው ችግር ቢነሣና ተማሪው መድኃኒቱን ራሱ እንዲመርጥ ቢገደድ የተሻለ ሐኪም እናፈራለን ባይ ነኝ። በመጀመሪያ ትምህርቱ ከየት እንደመጣ በአጭሩ እናገራለሁ። ቀጥዬ ምርጫን ማስተማር ምን እንደሚመስል አሳያለሁ፤ እዚያ ላይ ብቆይ አትፍረዱብኝ፣ የነገሩ እምብርት እሱ ነውና። ከዚያ ስለ ፈተና ጥቂት ብዬ ሐኪሙ በሽተኛውን በሚያነጋግርበት ቋንቋና ሰዓት እጨርሳለሁ።

እስከ 19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ድረስ በአውሮፓ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ስለ መድኃኒት የሚሰጠው ትምህርት ዝርዝር ነበር። ሥሩ፣ ቅጠሉ፣ ማዕድኑ፣ መልኩና ሽታው፣ ለየትኛው ሕመም እንደሚሰጥ ይሸመደዳል። እንዴት እንደሚሠራ የሚጠይቅ ጥቂት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1847 ሩዶልፍ ቡክሃይም የሚባል ወጣት ጀርመናዊ ሐኪም ዛሬ ኢስቶኒያ ውስጥ ታርቱ በምትባለው፣ ያኔ ዶርፓት በነበረችው ከተማ ለማስተማር ሄደ። በመኖሪያ ቤቱ ምድር ቤት፣ በገዛ ገንዘቡ ቤተ ሙከራ አቋቋመና ተማሪዎቹ የመድኃኒትን ሥራ በሙከራ እንዲመረምሩ አደረገ። ተማሪው ኦስቫልድ ሽሚደበርግ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1872 ጀምሮ ሽትራስቡርግ ላይ ከየአገሩ የመጡትን አሠለጠነ። ከእነዚያ አንዱ የነበረው አሜሪካዊው ጆን ጃኮብ ኤብል እ.ኤ.አ. በ1891 ሚሺጋን፣ ከሁለት ዓመት በኋላም ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ላይ ትምህርቱን ተከለው።

ያ ትውልድ ያወረሰን ቤተ ሙከራ ምን ይመስል እንደነበር ልንገራችሁ፤ ከመካከላችሁ ዕድሜያቸው ገፋ ያሉ ሐኪሞች ያስታውሱታል። ጊኒ ፒግ ከምትባለው ትንሽ እንስሳ አንጀት ቁራጭ ይወሰድና 37 ዲግሪ በሚሞቅ ጨዋማ ፈሳሽ ውስጥ ይንጠለጠላል፤ እንዳይሞትም ከሥሩ ኦክስጅን ይነፋለታል። የላይኛው ጫፉ በክር ከቀጭን ዘንግ ጋር ይታሰራል። የዘንጉ ሹል ጫፍ በጥላሸት የጠቆረ ወረቀት በተጠቀለለበት፣ በዝግታ በሚዞር ከበሮ ላይ ይጭራል። አሴቲልኮሊን ጠብ ሲደረግ አንጀቱ ይኮማተርና በጥቁሩ ወረቀት ላይ ነጭ መስመር ሽቅብ ይወጣል። አትሮፒን ከተጨመረ በኋላ ያው መጠን ሲደገም መስመሩ ንቅንቅ አይልም። አሴቲልኮሊኑ በብዙ እጥፍ ሲጨመር ግን መስመሩ እንደገና ይነሣል። ሁለቱ ንጥረ ነገሮች ለአንድ ቦታ እንደሚሻሙና ብዛት ያለው እንደሚያሸንፍ ተማሪው በዓይኑ አየ ማለት ነው።

ዛሬ ይህ ሙከራ በአብዛኛው በኮምፒዩተር ላይ ይሠራል። ረስልና በርች የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተሙት መጽሐፍ በሙከራ የሚሠቃዩ እንስሳትን መተካትን፣ መቀነስንና ሥቃያቸውን ማቃለልን መርህ አድርገው ካቀረቡ ወዲህ ዓለም ወደዚያው አዘንብሏል። በስኮትላንድ የስትራትክላይድ ዩኒቨርሲቲው ጆን ዴምፕስተርም ያንኑ አንጀትና የአይጥ ደም ግፊት በስክሪን ላይ የሚያሳዩ ፕሮግራሞችን ሠርቷል። የድሮው ቀረ ብዬ አላለቅስም። አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ፤ ተማሪው ቁልፉን ከመጫኑ በፊት መስመሩ ወዴት እንደሚሄድ በወረቀት ላይ ጽፏል ወይ? ሳይገምት የሚመለከት ተማሪ፣ አንጀቱ እውነተኛም ይሁን የኮምፒዩተር፣ ፊልም አይቶ ነው የሚወጣው።

የሚገርመው ግን ከቡክሃይም ወዲህ የሆነው ነው። ዝርዝርን ሊሽር የተወለደው ትምህርት መድኃኒቱ በበዛ ቁጥር መልሶ ራሱ ዝርዝር ሆነ። የልብ መድኃኒቶች በአንድ ሳምንት፣ ፀረ ተሕዋስያን በሌላ ሳምንት፤ የእያንዳንዱ አሠራር፣ ጥቅም፣ ጉዳት፣ የሚከለከልባቸው ሰዎች። ተማሪዎቻችን «ፋርማ» እያሉ የሚጠሩትን ኮርስ ከፈተናው በፊት ባሉት ሌሊቶች በቡናና በሃንድአውት ይወጡታል። ውጤቱም ብዙ ጊዜ መጥፎ አይደለም። ችግሩ ጎልቶ የሚታየው ያው ተማሪ ከዓመታት በኋላ ኢንተርን ሆኖ ባዶ ማዘዣ ፊቱ ሲቀመጥ ነው።

ወደ ሁለተኛው ክፍል ልለፍ። አንዲት የ64 ዓመት እናት አሉ እንበል። ደም ግፊት አለባቸው፤ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ይወስዳሉ። ጉልበታቸውን ሲያማቸው ጎረቤት የነገረቻቸውን ዳይክሎፌናክ ከመድኃኒት ቤት ገዝተው ጠዋትና ማታ መዋጥ ጀመሩ። ሰሞኑን ተቅማጥ ይዟቸው ምግብና ውኃ አልወርድ ብሏቸዋል። ሽንታቸው ቀንሷል፤ ተዳክመው ወደ ጤና ጣቢያ መጡ።

እነዚህን ሦስት መድኃኒቶች የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ያውቃቸዋል። አንድ በአንድ ብትጠይቁት ይመልስላችኋል። አሁን ከእኔ ጋር ወደ ኩላሊት ውስጥ ግቡ። ደም የሚጣራባት እያንዳንዷ የደም ሥር ጉንጉን አንድ መግቢያና አንድ መውጫ አላት፤ ማጣሪያው እንዲሠራ በመካከል ግፊት ያስፈልጋል። በሰውነት ያለው ፈሳሽ ሲያንስ ፕሮስታግላንዲን የሚባሉት ንጥረ ነገሮች መግቢያውን ከፍተው ይይዛሉ፤ አንጂዮቴንሲን ደግሞ መውጫውን አጥብቦ ግፊቱን ያቆያል። የእኚህ እናት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ፈሳሹን በሽንት ያስወጣል፤ ተቅማጡም አግዞታል። ኢናላፕሪሉ አንጂዮቴንሲን እንዳይፈጠር ስለሚያደርግ መውጫው ላልቷል። ዳይክሎፌናኩ ፕሮስታግላንዲን እንዳይመረት ስለሚከለክል መግቢያው ጠቧል። የሚገባው ደም አነሰ፣ የገባውም ሳይገፋ ወጣ፣ ማጣሪያው ቆመ። ሦስቱም መድኃኒቶች ለየብቻቸው የተመሰከረላቸው ናቸው፤ አንድ ላይ ሆነው ግን እኚህን እናት ለኩላሊት ድካም ዳረጓቸው።

ተማሪያችን ይህንን ለምን አላየውም? ዳይክሎፌናክን የተማረው በሕመም ማስታገሻ ምዕራፍ፣ ኢናላፕሪልን በደም ግፊት ምዕራፍ፣ ሦስተኛውን በሽንት አምጪዎች ምዕራፍ ነው። በሦስት የተለያዩ ሳምንቶች፣ ምናልባትም ከሦስት የተለያዩ መምህራን። ሦስቱን በአንድ ሰው ሆድ ውስጥ አስቀምጦ የጠየቀው የለም። ዕውቀቱ አለው፤ የተቀመጠለት ግን በመድኃኒት ስም ነው፣ እሳቸው ደግሞ ይዘው የመጡት ድካምና የሽንት ማነስ ነው።

ለዚህ ችግር የተሻለ መልስ የሰጡት በኔዘርላንድስ የግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ይመስሉኛል። ቴኦ ዴ ቭሪስና ባልደረቦቹ ያዘጋጁትን፣ ስለ ጥሩ አስተዛዘዝ የሚያስተምረውን መመሪያ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1994 አሳትሞታል። ሐሳቡ ሲነገር ቀላል ነው። ተማሪው በብዛት ለሚያጋጥሙ ችግሮች አስቀድሞ፣ በጸጥታ ቁጭ ብሎ፣ «የእኔ» የሚላቸውን ጥቂት መድኃኒቶች ይመርጣል። የሚመርጠውም ፍቱንነትን፣ ደኅንነትን፣ ለበሽተኛው ተስማሚነትንና ዋጋን እያመዛዘነ ነው። በሽተኛ ሲመጣ ደግሞ ስድስት እርምጃ ይሄዳል፤ ችግሩን ይለያል፤ በሕክምናው ምን ማግኘት እንደሚፈልግ ይወስናል፤ አስቀድሞ የመረጠው መድኃኒት ለዚህ ሰው ይሆን እንደሆነ ይመረምራል፤ ያዝዛል፤ ያስረዳል፤ ውጤቱን ተከታትሎ ይቀጥላል ወይም ያቆማል።

ከስድስቱ ውስጥ ተማሪዎች የሚዘልሉት ሁለተኛውን ነው። «ለእኚህ እናት ጉልበት ምን ትሰጣለህ?» ስትሉት መድኃኒት ይጠራል። «ምን እንዲሆንላቸው ነው የምትፈልገው?» ስትሉት ዝም ይላል። ሕመሙ ጨርሶ እንዲጠፋ ነው? ሌሊት እንዲተኙ ነው? ደረጃ ወጥተው ቤተ ክርስቲያን እንዲሳለሙ ነው? ግቡ ሲታወቅ ፓራሲታሞል፣ የጉልበት እንቅስቃሴና የሚቀባ ማስታገሻ በቂ ሆነው ሊገኙ ይችላሉ። ሳያዝዙ መሸኘት የሚገባበት ጊዜ መኖሩንም ተማሪው የሚማረው እዚህች ጥያቄ ላይ ነው። መድኃኒትን በተራ በተራ የሚዘረዝር ኮርስ «ምንም አትስጥ» የሚል ምዕራፍ የለውም።

ይህ አካሄድ ተፈትኗል። ዴ ቭሪስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1995 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ባወጡት ጥናት ወደ ክሊኒካል ትምህርት ሊገቡ የተቃረቡ 219 ተማሪዎችን በዕጣ ከፍለው ነበር፤ ከግሮኒንገን፣ ካትማንዱ፣ ሌጎስ፣ ኒው ዴልሂ፣ ሳን ፍራንሲስኮ፣ ዮግያካርታና ከአውስትራሊያዋ ኒውካስል። አጭሩ ሥልጠና በሕመም ማስታገሻ ላይ ብቻ ያተኮረ ነበር። የሠለጠኑት ከሌሎቹ በልጠው ተገኙ፤ ብልጫውም ከስድስት ወር በኋላ አልጠፋም። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ያልሠለጠኑባቸውን የበሽተኛ ችግሮችም የተሻለ መፍታታቸው ነው። የተማሩት ስለ ሕመም ማስታገሻ ሳይሆን ስለ መምረጥ ነበር ማለት ነው። ሌጎስና ካትማንዱ በዝርዝሩ ውስጥ መኖራቸውንም አትርሱ፤ «ይህ ለሀብታም አገር ነው» ለሚለን ሰው መልስ ይሆናል።

እንግዲህ ሽምደዳ ይቅር ልትል ነው ወይ የሚለኝ አይጠፋም። አልልም። የቅኔ ቤት ተማሪ ግሱንና አገባቡን ሳያጠና ቅኔ አይቆጥርም። ነገር ግን መምህሩ የትናንቱን ቅኔ በቃሉ እንዲያነበንብለት አይጠብቅም፤ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ለዕለቱ የራሱን ቆጥሮ እንዲነግረው ይጠብቃል፤ ሲስትም እዚያው ያርመዋል። የእኛ ተማሪዎች ግሱን ያጠናሉ፣ ሳይቆጥሩ ይመረቃሉ። ደግሞም የሚጠናው ልክ ይኑረው። የዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶችን ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ1977 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያወጣ በውስጡ የነበሩት ከ200 ብዙም አይበልጡም ነበር፤ አሁን 500 አልፈዋል። ይህን ሁሉ አንድ ተማሪ በቃሉ ሊይዝ አይችልም፤ ሊይዝም አይገባውም። ጥቂቱን እስከ ሥሩ አውቆ የቀረውን ከየት እንደሚያገኝ ማወቅ ይበቃዋል።

ሌላው ተቃውሞ የቁጥር ነው። ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት በአገራችን የሕክምና ትምህርት ቤቶች በዝተዋል፣ ክፍሎቹም ሞልተዋል። ካናዳዊው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1969 እንደጀመረው በትንንሽ ቡድን በችግር ላይ ተመሥርቶ ማስተማር መምህር ይፈልጋል፣ ክፍል ይፈልጋል። እውነት ነው። ግን መቶ ሃምሳ ተማሪ በተቀመጠበት አዳራሽም የእኚያን እናት ታሪክ ሰሌዳ ላይ መጻፍ ይቻላል። ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው አሥር ደቂቃ ይምከሩ፤ ማዘዣ ይጻፉ፤ ከጎናቸው ላሉት ይለዋወጡ፤ የተጻፈውን ጮክ ብሎ የሚያነብ ይነሣ። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው መምህሩ ከስላይዱ ላይ እጁን እንዲያነሣ ነው፤ ይህ ደግሞ፣ ከራሴ ተነሥቼ ስናገር፣ ከገንዘቡ ይከብዳል።

ሦስተኛው ጉዳይ ፈተና ነው፤ አጭር ነው። ተማሪ የሚያጠናው መምህሩ የተናገረውን ሳይሆን የሚፈተነውን ነው። በዚህም አልወቅሰውም፤ መለወጥ ያለበት ፈተናው ነው፤ የእንግሊዞች ነገር ምሳሌ ይሆነናል። እ.ኤ.አ. በ2009 በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ 19 ሆስፒታሎች የተደረገ ትልቅ ጥናት 124,260 የመድኃኒት ትዕዛዞችን መርምሮ በ100ው ውስጥ 9 በሚሆኑት ስሕተት አገኘ። በተመረቁ በመጀመሪያው ዓመት ሐኪሞች 8.4፣ በሁለተኛው ዓመት ሐኪሞች ደግሞ 10.3 በመቶ ነበር። አብዛኛው ስሕተት በፋርማሲስቶችና በነርሶች ንቃት በሽተኛው ጋ ሳይደርስ ተይዟል፤ የስሕተቱም ምክንያት የዕውቀት ጉድለት ብቻ ሳይሆን የሥራ ጫናም ነበር። እንግሊዞች ከዚያ በኋላ ያደረጉት ግን ልብ ይባልልኝ። ለተመራቂዎች ሁሉ አስተዛዘዝን ብቻ የሚለካ ፈተና አወጡ፤ ሁለት ሰዓት፣ ስምንት ክፍል፣ 200 ነጥብ። ተፈታኙ የአገሪቱን የመድኃኒት መመሪያ ገልጦ እንዲያይ ይፈቀድለታል። በሥራ ላይ ያለ ሐኪም መጽሐፉን ይገልጣልና፣ ፈተናውም እንደ ሥራው ሆነ።

በእኛ ቤት መጽሐፍ ገልጦ መፈተን እንደ ማጭበርበር ይታያል። እኔ ተቃራኒው ይታየኛል። «ከሚከተሉት የኢናላፕሪል የጎንዮሽ ጉዳት የቱ ነው?» የሚለው ጥያቄ መጽሐፍ ከተገለጠ ትርጉም የለውም። «እኚህ እናት ዛሬ ከሚወስዱት የቱን ታቆማለህ፣ የቱን መቼ ትመልሳለህ፣ በምንስ ትከታተላለህ?» የሚለው ግን መጽሐፉ ሙሉ ቢገለጥም ይከብዳል። መመሪያ ተገልጦም የሚከብድ ጥያቄ ማውጣት የማይችል ፈታኝ፣ ጉድለቱ ከተፈታኙ አይደለም።

አሁን ወደ መጨረሻው ጉዳይ፣ እናንተንም በቀጥታ ወደሚነካው ልምጣ። ተማሪዎቻችን ፋርማኮሎጂን የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ የሚያስረዱት በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ ነው። ከስድስቱ እርምጃዎች አምስተኛውን፣ ማስረዳቱን፣ በክፍል ውስጥ አንድም ቀን ሳይለማመዱ ወደ ዋርድ ይገባሉ። በማሸጊያው ላይ «8:00» ብሎ የጻፈ ሐኪም ጠዋት ማለቱ ይሁን፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት ማለቱ ይሁን ኪኒኑን የሚውጠው ሰው በምን ያውቃል?

ከሰዓቱ የሚብሰው ጾም ነው። ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት፣ በረመዳንም እስከ ፀሐይ ግባት እህል ሳይቀምስ ይውላል። መድኃኒቱ ሰውየው ይብላ አይብላ አይጠይቅም፤ ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ይገፋፋል፤ ስኳሩም ይወርዳል። ላብ ላብ ይለዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይደናገራል፤ ካልተደረሰለት ራሱን ይስታል። ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ እንዲህ የሚያደርገው ከስንት አንዴ ነው። ስለዚህ «ይጾማሉ?» የሚለው ጥያቄ ከጨዋነት ያለፈ፣ መድኃኒት የሚያስለውጥ፣ መጠን የሚያስቀንስና ሰዓት የሚያዛውር የፋርማኮሎጂ ጥያቄ ነው። ከውጭ በመጣው መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ግን በጉልህ አታገኙትም፤ እኛው ልንጨምረው ይገባል።

በመድኃኒትና በሰው መካከል ደግሞ ከኬሚስትሪ ሌላም ነገር ይሠራል። ባሪ ብላክዌልና ባልደረቦቹ በአሜሪካ የሲንሲናቲ ከተማ ለሕክምና ተማሪዎች ሰማያዊና ሮዝ እንክብል አደሉ፤ የሚያነቃቃ ወይም የሚያረጋጋ መድኃኒት እንደሚወስዱም ነገሯቸው። እንክብሎቹ በሙሉ ባዶ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1972 እንደዘገቡት ሰማያዊ የዋጡት ይበልጥ እንቅልፍ እንቅልፍ አላቸው፤ ሁለት የዋጡት ደግሞ አንድ ከዋጡት ይበልጥ ተሰማቸው። «መርፌ ካልተወጋሁ አይሻለኝም» የሚሉትን አባት በንቀት የሚያይ ተማሪ ይህን ሙከራ በራሱ ላይ ቢያይ ንቀቱ ይቀንስለታል። እሳቸውን የሚያሳምንበትን ቃል መፈለግም ይጀምራል።

ማስረዳትን ለመለማመድ በሽተኛ ሆኖ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋል። ሃዋርድ ባሮውስ የተባለው የነርቭ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1963 በደቡባዊ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ጤነኛ ሰው አሠልጥኖ እንደ በሽተኛ ተማሪ ፊት ካስቀመጠ ወዲህ ይህ በብዙ አገሮች የተለመደ ሆኗል። እኛም ልንጀምረው እንፈልጋለንና ጥሪዬን ላቅርብ። ከእናንተ መካከል በወር አንድ ከሰዓት በኋላ ሊሰጡን የሚፈቅዱ እናቶችና አባቶች ስማቸውን በር ላይ ባለው ደብተር ያስመዝግቡልን። የምትናገሩትን እናስጠናችኋለን፤ ተማሪውም መድኃኒቱን አስረድቶ ሲጨርስ «እስኪ እቤት ሲገቡ እንዴት እንደሚወስዱት ይንገሩኝ» ብሎ መጠየቁን ትመዘግቡልናላችሁ። ጥያቄ የሚያበዛ ሰው እንፈልጋለን። ጆሮው የከበደም እንፈልጋለን። አጥብቀን የምንፈልገው ግን ሳይገባው ለሁሉም «እሺ ዶክተር» ብሎ የሚነሣውን ነው፤ ተማሪዎቻችንን የሚያስቸግራቸው እሱ ነው።